ሙዚቃዊ ቴአትር የሚወድ ሰው በእጁ ምን ይሥራ?

ሙዚቃዊ ቴአትር የሚወድ ሰው ብዙውን ጊዜ ፍቅሩን የሚለካው ባየውና በሰማው ብዛት ነው። ስንት ሥራ እንዳየ፣ ስንት ዘፈን በቃሉ እንደያዘ፣ የትኛውን ተዋናይ በየትኛው መድረክ እንደሰማ ይቆጥራል። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ብቻውን ሲሆን ግን ፍቅሩ ባለበት ይረግጣል፤ አሥረኛው ሥራ ከመጀመሪያው የተለየ ነገር አያስተምርም። ይህ መመሪያ የሚያሳየው ሌላ መንገድ አለ፤ አንድ ሥራ መርጦ፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት እየመደቡ፣ ከዚያ ሥራ አንዲት ቁራጭ በራስ እጅ መልሶ መሥራት። ሙዚቃዊ ቴአትር የእጅ ሥራዎች ድምር ነው። ግጥም የሚገጥመው፣ ዜማ የሚያወጣው፣ ልብስ የሚሰፋው፣ እንጨት የሚቆርጠው፣ መብራት የሚያስተካክለው፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ አንድ ምሽት ላይ ይገናኛል። ከእነዚህ አንዱን በትንሹም ቢሆን የሞከረ ተመልካች፣ ከዚያ በኋላ መጋረጃ በተከፈተ ቁጥር የሚያየው ነገር ይበዛል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ቴአትር ወዳድ ልጆችና ወጣቶች፣ በከተማው መድረኮች የሚታዩትን ተውኔቶች ገጸ ባሕርያትና ትዕይንቶች በወረቀት ታትመው ይገዙ ነበር። ዊልያም ዌስት የተባለው አሳታሚ ከ1811 ጀምሮ እነዚህን ሉሆች ያወጣ ነበር። ቀለም ያልተቀባው ሉህ አንድ ፔኒ፣ የተቀባው ሁለት ፔኒ ይሸጥ ነበር። ገዢው ሥዕሎቹን ቆርጦ፣ ካርቶን ላይ ለጥፎ፣ ጠረጴዛ ላይ በምታርፍ ትንሽ መድረክ ተውኔቱን ለቤተሰቡ ያሳይ ነበር። ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1884 ስለእነዚህ ወረቀቶች በጻፈው መጣጥፍ፣ ደስታው ያለው በመቀባቱ ነውና የተቀባውን የሚገዛ ልጅ ደስታውን በገንዘቡ ይሸጣል የሚል አስተያየት አለው። ትክክል ይመስለኛል። ዛሬ ደግሞ የዚያ ዘመን አልባሳትና ትዕይንት ምን ይመስል እንደነበር የሚያጠኑ ሰዎች እንደ ማስረጃ ከሚመለከቷቸው ነገሮች መካከል እነዚያው የልጆች ወረቀቶች ይገኛሉ። የወዳጆች የትርፍ ጊዜ ሥራ፣ ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ያላስቀሩትን አስቀርቷል።

የመጀመሪያው እርምጃ መምረጥ ነው፤ የሚመረጠውም አንድ ሥራ ብቻ። አሥር የሚወዱ ከሆነ ለሚቀጥሉት ስምንት ሳምንታት ዘጠኙን ያቆዩዋቸው። ሲመርጡ ሁለት ነገር ይመልከቱ፤ ሙሉ የዘፈን ቅጂው በቅደም ተከተል የሚገኝ ይሁን፣ ታሪኩም አስቀድመው የሚያውቁት ቢሆን ይመረጣል። ታሪኩን የሚያውቅ ጆሮ «ቀጥሎ ምን ይሆን?» ከማለት ያርፍና አሠራሩን መስማት ይጀምራል። እኛ ለምሳሌ የምንይዘው «ሌ ሚዜራብል»ን ነው። መሠረቱ የአማርኛ አንባቢ «ምንዱባን» በሚል ስም የሚያውቀው የቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ ነው። አለን ቡብሊልና ክሎድ ሚሼል ሾንበርግ በፈረንሳይኛ ሠርተውት በ1980 ፓሪስ ታየ፤ በ1985 በእንግሊዝኛ ለንደን በባርቢካን ቴአትር ተከፈተ። ቡብሊል ሐሳቡ የመጣለት ለንደን ውስጥ «ኦሊቨር!» የተባለውን ሙዚቃዊ ቴአትር እያየ ሳለ ነው፤ መድረክ ላይ የነበረው ጮሌ የጎዳና ልጅ በሁጎ ልብ ወለድ ያለውን የጎዳና ልጅ ጋቭሮሽን አስታወሰው። ተመልካች ሆኖ ገብቶ ሠሪ ሆኖ ወጣ ማለት ነው።

«ከኒው ዮርክም ከለንደንም ርቄ ምን ላደርግ?» የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። የዚህን ጥበብ ታሪክ ብንመለከት ግን ርቀት ወዳጅን አላገደም። «ኦክላሆማ!» በ1943 በኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ ሲከፈት፣ ዴካ የተባለው ኩባንያ ተዋናዮቹንና ኦርኬስትራውን ስቱዲዮ አስገብቶ ዘፈኖቹን በሸክላ አወጣ፤ ሥራውን በሙሉ ተዋናዮቹ ማስቀረጽ ልማድ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ኒው ዮርክን ረግጠው የማያውቁ እጅግ ብዙ ሰዎች ብሮድዌይን ያወቁት በሸክላ ነበር። ዛሬ ከድምፅም አልፎ ምስል አለ። የ«ሌ ሚዜራብል» 10ኛ ዓመት ኮንሰርት በ1995 በለንደን ሮያል አልበርት ሆል ተቀርጿል፤ «ሃሚልተን» ከመጀመሪያዎቹ ተዋናዮች ጋር መድረክ ላይ የተቀረጸው ፊልም በ2020 ወጥቷል። ኒው ዮርክ ወይም ለንደን የምትኖሩ ደግሞ ሙሉ ዋጋ ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን ቅናሽ ቲኬት ጠይቁ፤ ታይምስ ስኩዌር ላይ ከ1973 ጀምሮ የሚሸጥበት ዳስ አለ፣ ለንደንም ሌስተር ስኩዌር ላይ እንዲሁ።

ሁለተኛው እርምጃ ደብተር ይዞ ማዳመጥ ነው። መጀመሪያ ሙሉውን ሳያቋርጡ፣ ምንም ሳይጽፉ ይስሙት። በሁለተኛው ዙር ገጹን በሦስት ዓምድ ይክፈሉ፤ በአንዱ የሚዘፍነው ማን እንደሆነ፣ በሁለተኛው ያ ሰው በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚፈልግ፣ በሦስተኛው ዘፈኑ ሲያልቅ ምን እንደተለወጠ ይጻፉ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሚሆንባቸው ዘፈኖች ያጋጥሙዎታል፤ ምልክት ያድርጉባቸው፣ በኋላ ይጠቅማሉ። በሦስተኛው ዙር ቃሉን ይተዉና ዜማውን ብቻ እየተከተሉ «ይህን ከዚህ በፊት የት ሰማሁት?» ብለው ይጠይቁ። «ሌ ሚዜራብል» ላይ መልሱ አስደናቂ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዣን ቫልዣን የጳጳሱን የብር ዕቃ ሰርቆ ምሕረት ባገኘበት ሌሊት ብቻውን ቆሞ የሚዘፍነው ዜማ፣ በሥራው መጨረሻ አካባቢ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ የሚዘፍነው ግን ሕይወቱን ሙሉ ያሳደደው ፖሊስ ዣቬር ነው፣ ራሱን ወደ ወንዝ ሊወረውር ቆሞ። ሁለቱም የማይገባቸው ነው ብለው ያሰቡት ምሕረት ደርሷቸዋል። አንዱ ተቀብሎት ሌላ ሰው ሆነ፤ ሌላው ሊሸከመው አልቻለም። ደራሲዎቹ ይህን በቃል አላብራሩም፤ አንዱን ዜማ ለሁለት ሰው በመስጠት ብቻ ተናገሩት። ፋንቲን በሞት አልጋዋ ላይ ሆና የምትዘፍነውን ዜማና ኤፖኒን ብቻዋን በሌሊት ስትንከራተት የምትዘፍነውንም እንዲሁ ጎን ለጎን ያድርጓቸው።

አሠራሩን ማወቅ ውበቱን ይገድለዋል ብለው የሚሰጉ አሉ። ስጋቱ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አላቃልለውም። ነገር ግን ቁሌቱ እንዴት እንደበሰለ ስላወቀ ወጥ የማይጥመው ሰው አለ ወይ? የዣቬርን መጨረሻ ዜማው የማን እንደነበር ሳያውቅ የሰማ ሰው የአንድ ሰው ሞት ይሰማል። ያወቀው ሰው ግን ከዚያው ዜማ ሥር ቫልዣንንም ይሰማል፤ ሊድን ይችል የነበረው ሰው የት እንደተሳሳተ ይገባዋል። ሐዘኑ በእውቀት በረታ እንጂ አልቀነሰም።

ሦስተኛው እርምጃ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የሚገባው ነው፤ ከመረጡት ሥራ አንድ አንጓ ወደ አማርኛ ይመልሱ። አንድ አንጓ ብቻ፣ ለራስዎ ልምምድ። በመጀመሪያ ግጥሙን ያለ ዜማ እንደ ንግግር ጮክ ብለው ያንብቡትና ሰውየው ምን እያለ እንደሆነ በራስዎ ቃል በአንድ መስመር ይጻፉ። ቀጥሎ ዜማውን እያንጎራጎሩ ለእያንዳንዱ የድምፅ ምት ነጥብ ያኑሩ፤ ረጅም ለሚያዘው ምት ሰረዝ ይሳሉ። አሁን በነጥቦቹ ሥር የአማርኛ ቀለሞችን መደርደር ይጀምራሉ። ወዲያው የሚያውቁት ነገር፣ እጅዎ የለመደው የወል ቤት፣ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚሄደው፣ ለዚህ ዜማ እንደማይበቃው ነው። ዜማው አምስት ይልና ዘጠኝ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ሦስት ላይ ያቆማል። ቤት ለመምታት ከመቸኮልዎ በፊት ልኩን ያግኙ።

ከዚያ የሳድስ ፊደል ጉዳይ ይመጣል። የ«ኦክላሆማ!» ገጣሚ ኦስካር ሃመርስታይን ስለ ግጥም ሥራ በጻፈው ውስጥ ራሱን የነቀፈበት ቦታ አለ። በ1945ቱ «ካሩሰል» ውስጥ አንዱን ዘፈን የጨረሰው አፍ በሚዘጋ፣ በ«ክ» ድምፅ በሚያበቃ ቃል ነበር። ዘፋኟ የመጨረሻውን ድምፅ ዘርግታ መያዝ ስላልቻለች ዘፈኑ የሚገባውን ያህል እንዳልተወደደ ያምን ነበር። ይህ ትምህርት ለአማርኛ ይበልጥ ይሠራል፤ ፊደላችን ራሱ ያሳየናልና። ረጅሙ ምት ላይ «ሌሊት» ቢጥሉ ዘፋኙ «ሊ» ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቶ መጨረሻ ላይ በሳድሱ «ት» ለመዝጋት ይገደዳል፤ «ማታ» ቢሉት ግን ራብዑ «ታ» አፉን ከፍቶ እስከፈለገው ድረስ ይሄዳል። «እናት»ና «እማማ»፣ «ልብ»ና «ተስፋ» እንዲሁ ይለያያሉ። ትርጉማቸው ስለሚለያይ ሁልጊዜ መቀያየር አይቻልም፤ ያኔ መስመሩን በሙሉ መልሶ መገንባት ግድ ይላል፣ ሥራውም ያ ነው። መጥበቅና መላላትም አለ። «ይበላል» ላልቶ ሲዘፈን በላተኛውን፣ ጠብቆ ሲዘፈን ምግቡን ይናገራል፤ «ገና»ም ሲላላና ሲጠብቅ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በወረቀት ላይ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳል። ዜማ ግን በራሱ ምት ያላላል፣ ያጠብቃል፤ ስለዚህ የጻፉትን ዘፍነው፣ ግጥሙን ለማያውቅ ሰው አሰምተው፣ ምን እንደሰማ ይጠይቁት።

በአንድ ቀን ይጨረሳል ብለው አያስቡ። ሃመርስታይን ለ«ኦክላሆማ!» መክፈቻ ዘፈን ግጥም ሦስት ሳምንት ያህል እንደፈጀ ይነገራል፤ ያውም አጭር ግጥም። የ«ሃሚልተን» ደራሲ ሊን ማኑኤል ሚራንዳ ከሥራው «ማይ ሾት» የተባለውን ዘፈን ለመጻፍ አንድ ዓመት እንደወሰደበት ተናግሯል። በእኛም ዘንድ የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ጉባኤ ቃና ነው፤ ብቻውን ሆኖ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ታርሞ ይመለሳል። ከቅኔ ቤት የወጣው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው ዘፈን ያዘለ ተውኔት በአማርኛ ከጻፉት ቀደምቶች አንዱ የሆነው። ሀገር ፍቅር ቴአትርም በ1935 ከተመሠረተ ወዲህ ሙዚቃና ተውኔትን በአንድ መድረክ አኑሯል። ስለዚህ አማርኛ ለዚህ ሥራ እንግዳ ቋንቋ አይደለም።

«ይህ ሁሉ የሰውን ሥራ መቅዳት ነው፣ ፈጠራ የቱ ጋ አለ?» ለሚል መልሱ የሙዚቃዊ ቴአትር ዜማ ደራሲና ገጣሚው ስቲቨን ሶንድሃይም ነው። የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ለትምህርት ቤቱ የጻፈውን ሙዚቃዊ ተውኔት ለቤተሰብ ወዳጁ ለሃመርስታይን አሳየው። ሃመርስታይን ካነበበው ሁሉ የከፋው ይኸው እንደሆነ ነገረው፤ ግን አላባረረውም፣ አስቀምጦ መስመር በመስመር አሳየው። ከዚያም አራት የቤት ሥራ ሰጠው፤ አንደኛ ከሚያደንቀው ተውኔት፣ ሁለተኛ ከሚወደው ግን ጉድለት ካየበት ተውኔት፣ ሦስተኛ ተውኔት ሆኖ ከማያውቅ ልብ ወለድ ወይም ታሪክ፣ አራተኛ ከራሱ ሐሳብ ሙዚቃዊ ተውኔት እንዲሠራ። የራሱ ፈጠራ የመጣው አራተኛ ላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በ1957 ሲከፈት 27 ዓመቱ የነበረው ሶንድሃይም ግጥሙን ጽፎለት ነበር፤ ያንን ግጥምም ቢሆን በኋላ ነቅፎታል። አንዲት ከፖርቶ ሪኮ በቅርብ የመጣች ልጅ የምትዘፍነው ላይ ያኖረው የተራቀቀ የቤት መምታት ጨዋታ ከእሷ አፍ ሊወጣ የማይችል እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። እርስዎም በጻፉት አንጓ ላይ ይህንኑ ይጠይቁ፤ ይህን የሚለው ገጸ ባሕርዩ ነው ወይስ እኔ? በነገራችን ላይ ሶንድሃይም እንቆቅልሽ ወዳድ ነበር፤ በ1968ና በ1969 «ኒው ዮርክ» ለተባለው መጽሔት ከባድ የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ያዘጋጅ ነበር። ቃልን በተቆጠረ ቦታ ማስገባት ለእሱ ጨዋታም ሥራም ነበር።

አራተኛው እርምጃ የጫማ ካርቶን ነው። የመድረክ ንድፍ ባለሙያዎች መድረኩ ከመሠራቱ በፊት ትንሽ አምሳያ ይሠራሉ። በእንግሊዝ የተለመደው መጠን አንድ ለ25 ነው፤ በእውነቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነው በአምሳያው አንድ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 7 ሜትር ተኩል መድረክ ይሆናል ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው 7 ሴንቲ ሜትር፣ 2 ሜትር በር 8 ሴንቲ ሜትር፣ ወንበር መቀመጫው ከወለሉ 2 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ይሆናል። ካርቶኑን በጎኑ ያስተኙት፣ የፊቱን ክፍት ይተዉት፣ ክዳኑን ለግድግዳና ለደረጃ ይቁረጡት፤ ኮላ፣ መቀስና ማስመሪያ ይበቃል። ሰዎቹን መጀመሪያ ይሥሩ፤ ሰው የሌለበት አምሳያ መጠኑ ሁልጊዜ ያታልላል። ከዚያ ከደብተርዎ አንድ ዘፈን ይምረጡና ያ ዘፈን የግድ የሚፈልገውን ብቻ ያስገቡ። ለዣቬር የድልድይ ጠርዝና ጨለማ በቂ ነው። ጁሊ ቴይሞር በ1997 «ዘ ላየን ኪንግ»ን ለመድረክ ስታዘጋጅ ሜዳውን አልገነባችም፤ ተዋናዮቹ በራሳቸው ላይ ሣር ተሸክመው ሲራመዱ ሜዳው አብሯቸው ተንቀሳቀሰ፣ የአንበሶቹም ጭምብል ከግንባር በላይ ስለተቀመጠ የሰውም የእንስሳም ፊት አብረው ታዩ። ካርቶንዎ ውስጥ ሲሠሩ ይህን ያስቡ፤ የቱን ነገር ተመልካቹ ራሱ ሊሞላው ይችላል? በመጨረሻ ክፍሉን አጨልመው በስልክ መብራት ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ያብሩበት፤ ከረሜላ መጠቅለያ ቀለም ይሰጣል። ያው ድልድይ ከጎን ሲበራ ሌላ ትዕይንት ይሆናል።

ማን ሊያየው ነው ይህን ያህል ልፋት የሚል ሰው ካለ፣ ሃመርስታይን የጻፈውን ነገር ላስታውስ። በኒው ዮርክ ወደብ ያለውን የነጻነት ሐውልት ከአየር ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ አይቶ፣ ቀራጺው የራሷን ጠጉር ከላይ ሳይቀር በጥንቃቄ እንደሠራው ተገረመ። ሐውልቱ በ1886 ሲመረቅ አውሮፕላን አልነበረም፤ ከባሕር ወፎች በቀር ማንም ከላይ ሊያያት አይችልም ነበር።

አምስተኛው እርምጃ ድምፅና ሰው ነው። «እኔ መዝፈን አልችልም» ማለት ለዚህ እርምጃ ምክንያት አይሆንም። ተዋናዩ ሬክስ ሃሪሰን በ1956ቱ «ማይ ፌር ሌዲ» ዘፈኖቹን በአብዛኛው በምቱ ላይ እየተናገረ ነው የተወጣው፤ ቶኒ ሽልማትንም አግኝቶበታል። እርስዎም የጻፉትን አንጓ መጀመሪያ በምቱ ላይ ይናገሩት፣ ከዚያ ለድምፅዎ በሚመች ከፍታ ያንጎራጉሩት፤ የቀረጻውን ከፍታ የግድ መከተል የለብዎትም። አቀንቃኝ የሚሆን አንድ ሰው፣ ተቀባይ የሚሆኑ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤትዎ ይጥሩ፣ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ያኑሩ፣ አሥር ደቂቃ የሚሆነውን ብቻ ያሳዩ። ከጨዋታው በኋላ «ወደዳችሁት?» ብለው አይጠይቁ፤ «የቱ ጋ ጠፋችሁ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በደብተሩ ይመዝግቡ። አንድ ጥብቅ ነገር አለ። ቤት ውስጥ ከወዳጅ ጋር መለማመድ ሌላ፣ ለሕዝብ ማቅረብ ሌላ ነው። ትኬት ቢሸጥም ባይሸጥም፣ ትርጉሙ የእርስዎ ቢሆንም፣ ለሕዝብ ለማሳየት የባለ መብቶቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዚህ የተቋቋሙ ድርጅቶች አሉ፤ ሚዩዚክ ቲያትር ኢንተርናሽናል ከ1952 ጀምሮ ይህን ይሠራል፣ ለትምህርት ቤቶች ያጠሩ ቅጂዎችም አሉት። ፈቃድ የማይጠይቅ ሥራ ከፈለጉ የጊልበርትና የሱሊቫን ሥራዎች፣ ለምሳሌ የ1879ኙ «የፔንዛንስ የባሕር ወንበዴዎች»፣ የመብት ዘመናቸው አልፏል።

ጊዜውን በተመለከተ በሳምንት ሦስት ቀን አርባ አርባ ደቂቃ ይበቃል። ሁለት ሳምንት ለማዳመጥ፣ ሦስት ለግጥሙ፣ ሁለት ለካርቶኑ፣ የመጨረሻዋ ለልምምድና ለእንግዶች። ግጥሙ ላይ ከዘገዩ ከካርቶኑ ይውሰዱ እንጂ ግጥሙን አያቻኩሉ። ሲጨርሱ ካርቶኑን አይጣሉት፤ ከሥሩ ቀኑን ይጻፉበትና ያስቀምጡት። ለሚቀጥለው ዙር ሃመርስታይን በሁለተኛ ደረጃ ያዘዘውን ይከተሉ፤ የሚወዱትን ግን አንድ ቦታ ላይ የሚጎድለውን ሥራ ይምረጡ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የቀረባቸው ዘፈኖች ጉድለት ምን እንደሚመስል አሳይተውዎታል። የአዲሱን ሥራ ጉድለት በአዲስ ገጽ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ደብተሩን ይዝጉ፣ ሥራውንም ሳያቋርጡ ከመጀመሪያው ያዳምጡ።